ደንቡን የጻፈው ሰው

የእድሩ ለፋፊ በር አንኳኩቶ ለባለጉዳዮቹ መንገር ሲችል፣ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገድ መሃል ቆሞ ጡሩምባውን ነፋና «ነገ ከቅዳሴ መልስ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ የአቶ አሰግድ ከእድር የመሰረዝ ጉዳይ ይታያል፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀው። የአሰግድ ሚስት ተናኘወርቅ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። የባሏን ሸሚዝ እንደያዘች ደሟ ፈላ። ይሄ ነው የቀራቸው። ሰውን በቁሙ እንደ ሙት በጡሩምባ መጥራት ምን የሚሉት ወግ ነው? የባሰው ደግሞ አሰግድ ራሱ ደጅ ወጥቶ ለፋፊውን «ድምፅህ ዛሬ አምሮበታል፤ ባለፈው ጎርንኖ ነበር» አለው። ለፋፊው አፍሮ ቶሎ ሄደ።

አሰግድን አሰላ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል፤ የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን ስብሰባ አርፍዶ አያውቅም። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ ከአንቀጽ አንድ እስከ አንቀጽ ሠላሳ ሁለት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ የጻፈው እሱ ነው። ቁጥብ ሰው ነበር። ተናኘወርቅ «አንድ ቃል ለማውጣት ኮሚቴ ትሰበስባለህ እንዴ?» እያለች ታበሽቀው ነበር።

ጥቅምት ላይ ከኢተያ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ሳይክል ስንዴ ከጫነ መኪና እሸሻለሁ ሲል ከመንገድ ወጣ። አሰግድ በግንባሩ ተፈጠፈጠ። አምስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ በስድስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠና «ተናኜ» ብሎ ጠራት። እጁ ደህና፣ እግሩ ደህና፣ አፉ ደህና። ጎረቤቱ እልል አለ፤ ስለት ገባ፤ ተመስገን ተባለ። የተመለሰው ግን ያ ሰው አልነበረም። አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ይናገራል። እንግዳ ፊት «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?» ይላል። ቧንቧ ከከፈተ አይዘጋም፤ ጥርሱን መቦረሽ ከጀመረ ብሩሹን ከእጁ የሚወስድለት ሰው ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱም «ትንሽ ይረፍ» ብሎ ቤት አስቀመጠው።

ተናኘወርቅ ይሄን ሁሉ ችላ ነበር። መጋቢት ላይ ወይዘሮ አልጣሽ ሞተች። አልጣሽ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ገብረ መድህን ሚስት ናት፤ አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ፣ አሰግድ ብድግ ብሎ ሄደና ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «አይዞዎት ጋሼ፣ አሁን ልጅ እግር ያገባሉ» አላቸው። ተናኘወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ያላወረደችበት ስድብ የለም። «ሆን ብለህ ነው፤ እኔን ልታዋርድ ነው» አለችው። አሰግድ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማትና «ነውር ነው፤ ማለት አልነበረብኝም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው የሚያጽናኑት» አለ። ይሄኔ ነው ነገሩ የዞረባት። ነውር መሆኑን ካወቀ ለምን አለው? በማግስቱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ዶክተር ሳምራ ከባህር ዳር ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት። ብዙ አላወራችም። ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ «አቶ አሰግድ፣ እኔ አንዴ ሳንኳኳ እርስዎ ሁለቴ ያንኳኩ። እኔ ሁለቴ ሳንኳኳ ግን እርስዎ ምንም አያንኳኩ። ምን አልኩ?» አለች። አሰግድ ቃል ሳያጓድል መለሰላት። የሒሳብ መምህር አይደል። ከዚያ አንዴ አንኳኳች፤ ሁለቴ አንኳኳ። ሁለቴ አንኳኳች፤ ሁለቴ አንኳኳ። «ተሳሳትኩ» አለ። እንደገና ሁለቴ አንኳኳች፤ እንደገና አንኳኳ። «ማንኳኳት የለብኝም ነበር» እያለ ያንኳኳል። አሥር ጊዜ ሞከሩ፤ አሥር ጊዜ ሕጉን ነገራት፤ አሥር ጊዜ እጁ ከሕጉ ቀድሞ ሄደ። ተናኘወርቅ ይሄን ስታይ ትናንት ያወረደችበት ስድብ ሁሉ ትዝ አላት።

«ማወቅ ሌላ ነው፤ ራስን መግታት ሌላ ነው» አለቻት ዶክተሯ። «የሚያስቆመን፣ ቆይ የሚለን፣ አንዱን ነገር ትተን ወደ ሌላው የሚያሻግረን አንድ ቦታ ብቻውን አይደለም። ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ከኋላና ከውስጥ ካሉት ጋር በቀጫጭን መስመሮች ተያይዞ ነው የሚሠራው። ሲወድቁ አንጎላቸው ተንጧል፤ መስመሮቹ ተጎድተዋል። ሕፃን ሆነው አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያቅታቸው፣ ሱስ የያዛቸው፣ ሲያረጁ ጠባያቸው የሚለወጥ፣ የብዙዎቹ ችግር ይሄንኑ መስመር ይነካል።»

«አዳማ የተነሳው ሲቲ ስካን ምንም የለም ብሏል እኮ» አለች ተናኘወርቅ።

«እሱ ደምና አጥንት ነው ደህና አድርጎ የሚያሳየው። ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ ምሰሶው እንደቆመ ነው፣ አምፖሉም ደህና ነው፤ መሃል ላይ ሽቦው ተበጥሶ ነው። እንደዚያ ይያዙት።» ይሻለዋል ወይ ብላ ስትጠይቃት ዶክተሯ አልዋሸቻትም። «ጥቂት ይሻሻላል፤ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም» አለችና ወረቀት ጻፈችላት።

ጡሩምባው በተነፋ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ተናኘወርቅ ያንን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ባሏን ሙሉ ልብስ አልብሳ ወደ እድሩ አዳራሽ ሄደች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ «የታመመ አባል» የሚል አለ፤ የታመመ አይሰረዝም፣ ባጠፋውም አይቀጣም። አሰግድ እዚያ መዝገብ ላይ ይግባላት። ከእድር ከተሰረዘማ ነገ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ቃሬዛ የሚይዝለት ማነው? በቁሙስ ማን ሰላም ይለዋል?

አዳራሹ ሞልቷል። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው መሆናቸው ማንንም አልከነከነም። ጋሽ ገብረ መድህን በጥቁር ኮታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አዲሱ ጸሐፊ ፊሊጶስ መዝገቡን ዘርግቷል። ፊሊጶስ የአሰግድ ተማሪ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

«አሰግድ፣ ተነስ» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። «አንቀጽ አሥራ አራት ምን ይላል?»

አሰግድ ተነሳ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና እንደ ድሮው በጠራ ድምፅ ተናገረ። «አንቀጽ አሥራ አራት። በኀዘን ቤት ተገኝቶ ኀዘንተኛውን በቃልም ሆነ በድርጊት ያዋረደ አባል በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ከእድሩ ይሰረዛል።» አንድ ፊደል አልሳተም።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ያውቃል እኮ» አለ አንዱ። «አብጠርጥሮ ነው የሚያውቀው» አለ ሌላው። ጋሽ ገብረ መድህን እጃቸውን ዘረጉ። «ሰማችሁ? ጨርቁን የጣለ እብድ ቢሆን እኔም በተውኩት። ይሄ ራሱ የጻፈውን ሕግ እየጠቀሰ ነው ሚስቴን አፈር ሳላለብሳት የቀለደብኝ።»

ተናኘወርቅ ሳይፈቀድላት ተነሳች። ወረቀቱን ፊሊጶስ ፊት አስቀመጠችና «አንብበው» አለችው። ፊሊጶስ በእንግሊዝኛው ላይ ሲንገታገት ቆየና «ሲቲ ስካኑ ላይ የታየ ነገር የለም የሚል አለበት» አለ። ከዚያ በታች ያለውን አላነበበውም፤ ወይ አልገባውም፤ ወይ ፈራ።

«እንግዲህ ምንም የለበትም» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን።

ተናኘወርቅ ወደ አዳራሹ ዞረች። «እግሩ ቢቆረጥ ኖሮ ለምን አልሮጥክም ትሉት ነበር? ዓይኑ ቢጠፋ ለምን አላየኸኝም ብላችሁ ትሰርዙት ነበር? የተጎዳው ልጓሙ ነው፤ ራሱን የሚያቆምበት። ማወቁን ያውቃል፤ እኔም በማወቁ ተታልዬ ስሰድበው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እናንተ ግን ሐኪም የጻፈችውን ግማሹን አንብባችሁ ትፈርዳላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሬሳችሁን ሲመዘግብ፣ ዝናብ ላይ ድንኳናችሁን ሲያስተክል የነበረ ሰው ነው። በሽታው ስላልታያችሁ በሽታ አይደለም?»

ከኋላ ኦቦ ጉደታ፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች በዕድሜ ትልቁ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ሁለቱንም ወገን ለማብረድ ነው የፈለጉት። «አቦ፣ መሰረዝ ይቅር። እንደ ወጋችን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይበል፤ ገብሬም ይማረውና እንለያይ» አሉ። አዳራሹ ደስ አለው። ማንም ላይ ሳይፈርዱ ቤት መግባት ማን ይጠላል። ጋሽ ገብረ መድህንም ትንሽ አንገራግረው «ይሁን፤ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ይሸከም» አሉ።

«አይሸከምም» አለች ተናኘወርቅ። «የታመመ ሰው ምን አጠፋ ብሎ ነው ማሩኝ የሚለው? ታሞ ነው በሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኳችሁ።»

«ግድ የለም ተናኜ፣ እሸከማለሁ። ነውር ነው የተናገርኩት» አለ አሰግድ። ሁለት ጎረምሶች ከአጥሩ ጥግ ጥቁር ድንጋይ ይዘው ገቡ፤ ጫንቃው ላይ አኖሩለት። በሁለት እጁ ደግፎ ጋሽ ገብረ መድህን ፊት አጎነበሰ። «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» አለ። «ማሩኝ። ማሩኝ።»

«ምሬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይማርህ። አውርድ» አሉ ሽማግሌው።

«እሺ» አለ አሰግድ። «ማሩኝ።»

«ምሬሃለሁ አልኩ እኮ። አውርደው።»

«እሺ ጋሼ፣ አወርዳለሁ። ማሩኝ።»

መጀመሪያ ሰው ፈገግ አለ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ጋሽ ገብረ መድህን ፊታቸው ጠቆረ። «ዛሬም ይቀልድብኛል?» አሉ። ፊሊጶስ ከመቀመጫው ተነስቶ ጠጋ አለው። «መምህር፣ ምን ተባሉ?»

«አውርድ ተብያለሁ» አለ አሰግድ። «ይቅርታው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ድንጋዩ መውረድ አለበት።» ላቡ ግንባሩ ላይ ካለው ጠባሳ ጀምሮ እስከ አገጩ ወርዷል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እጆቹ ግን ድንጋዩን እንደያዙ ናቸው። «ማሩኝ» አለ እንደገና፤ አሁን ድምፁ ሰልሏል።

የሚስቅ ጠፋ። አንድ በአንድ ዓይኖች ሁሉ ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ። እሷ ልታወርድለት ብድግ ብላ ነበር፤ እግሯ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ነበር። ከዚያ ቆመች። የባሏ አንገት ሲደማ እያየች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የከበዳት ነገር የለም።

«ኸረ አውርጂለት፤ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ ሰባት ወር ሙሉ አውርጄለታለሁ» አለች ተናኘወርቅ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዛሬ የጫናችሁበት እናንተ ናችሁ። እናንተው አውርዱለት።»

ማንም አልተነሳም። አሰግድ «ማሩኝ» አለ። ያኔ ጋሽ ገብረ መድህን ወንበሩን ገፍተው ተነሱ፤ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ጎንበስ ብለው የአሰግድን ጣቶች አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ አላቀቁ። ድንጋዩን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። የአሰግድ እጆች ባዶአቸውን ጫንቃው ላይ እንደቀሩ ናቸው። ሽማግሌው እነዚያን እጆች ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ፊሊጶስ» አሉ። «አንቀጽ ዘጠኝ ላይ አስገባው።»

ተናኘወርቅ አላመሰገነችም። ሄዳ የባሏን እጆች ይዛ ወደ ታች አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ አንገቱን ጠረገችለት። ፊሊጶስ እስክሪብቶውን እንዳነሳ «የታመመው ከመቼ ጀምሮ ነው ልበል፣ ከዛሬ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ገብረ መድህን ድንጋዩን ገና አላስቀመጡትም።

«ከጥቅምት ጀምሮ በል» አሉ። «አልጣሽ ስትሞት ታሞ ነበር።»