ቡራሌ በእጁ ያፈሰሰው አረንጓዴ

ከመሬት በታች ያለ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል? አይቻልም ትሉ ይሆናል። የውሃ ቢሮው ኢንጂነር ጉግሳ ግን ችለውታል! ደቻቱ ወንዝ ዳር የፓፓያና የብርቱካን ችግኝ የምታሳድገው ጎረቤቴ ኪንሲ፣ የጉድጓዷ ውሃ ሳሙና ሳሙና ይላት ጀመር። እሳቸው አንድ ባልዲ እንኳ ሳያስወጡ፣ «ጥፋቱ የራሷ ሽንት ቤት ነው፤ ከላይ ካለው መኪና እጥበት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የውሃ ጉድጓዱ ሰኞ ይታሸግ» ብለው ፈረሙ። የማን ሽንት ቤት ነው የመኪና ሻምፖ የሚሸት?

ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ የከርሰ ምድር ውሃ የምታጠናውን ስምረትን ይዤ መጣሁ። ሁለት ዓይነት ቀለም አወጣች፤ ሁለቱም ለጤና የማይጎዱ ናቸው። ሮዙን ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨመረች። አረንጓዴውን መኪና እጥበቱ እጣቢውን በሚያሰርግበት ጉድጓድ ልትጨምር ስትል፣ ባለቤቱ ቡራሌ ከእጇ ነጠቃት።

«አቦ አምጪው፣ እኔው አፈስሰዋለሁ! የእኔ ውሃ ቀጥ ብሎ ወደ ሽንሌ ነው የሚነጉደው።»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ከኪንሲ ጉድጓድ ሮዝ ይወጣ አረንጓዴ እያለ ባልዲ ጠባቂ ሆነ። ቡራሌ በባጃጅ ባለፈ ቁጥር፣ «ኤዶ ኪንሲ፣ ሮዝ ድሪያ ቀሚስሽን አዘጋጂ!» ይላል።

«ወሪያ፣ አንተ አረንጓዴ ሽርጥህን ፈልግ!» ትለዋለች።

ዓርብ የቧንቧ ውሃ ጠፋ። እንዲህ ሲሆን የሰፈሩ ሰው ለጁምዓ ሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው ከኪንሲ ጉድጓድ ቀድቶ ነው። ቡራሌም እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ባልዲውን ወረወረ። ሲስበው ለጋ ጫት የመሰለ ውሃ ወጣ።

«ይሄማ መልኩ ተቀይሯል! ውዱእ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «ማነው ቀለም የጨመረበት?»

ሁላችንም ዞረን እሱኑ አየነው።

«አንተ ነሃ፣ ልጄ» አለችው ኪንሲ።

ሳቁ እስከ ድልድዩ ተሰማ። ቡራሌ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብሎ ከሁላችን በላይ ሳቀ። «ዋላሂ፣ ተረታሁ!» አለ። ከሶላት መልስ እጥበቱን ዘጋ፤ እጣቢው የሚሰርግበትንም ጉድጓድ ከሠራተኞቹ ጋር ደፈነው። ለችግኞቹም ንጹህ ውሃ በቦቴ አስመጣላት።

አጥፊው ሲያምን፣ የፈረሙት ሰውዬ አሻፈረኝ አሉ! ስምረት አረንጓዴውን ውሃ በጠርሙስ ይዛላቸው ብትሄድ፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ «ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ ሰኞ ይታሸጋል» አሏት።

ይምጡ! ቡራሌ ራሱ ኪንሲ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቅዎታል፤ እኛም አለን። ኢንጂነር ጉግሳ፣ ጉድጓዱን ከመንካትዎ በፊት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ነገር ይመልሱ፦ ሽንት ቤቱ ውስጥ የገባው ሮዝ ነው፤ ይህ አረንጓዴ ከየት መጣ?