የመፈልፈያው ደወል

እህቱ ሌላ እንቁላል በማንኪያ ጀርባ ሰበረች። ጫጩቱ ላባው በቅሎ፣ አንገቱን ክንፉ ሥር ደፍቶ ተኝቷል። በጣቷ ነካ አደረገችው። አልተንቀሳቀሰም። ባልዲው ውስጥ ጣለችውና ሌላ አነሳች።

"እታለም፣ ይበቃል። ሁሉም ያው ነው" አላት ታናሽ ወንድሟ።

"በሕይወት ያለ አንድ እንኳ አይጠፋም። ተወኝ።"

ጫጩቶቹ ዛሬ ወይ ነገ ሊፈለፈሉ የነበሩ ናቸው። ሌሊት የማሞቂያው ማብሪያ ተጣብቆ ቀርቶ መፈልፈያ ሳጥኑ ሲግል አደረ። እንቁላሎቹ ደግሞ የራሷ አይደሉም፤ የሰፈሩ ሴቶች አምነው ያስቀመጡባት ናቸው። ድሮ ሌሊት እየተነሳች ሙቀቱን የምታየው ራሷ ነበረች። "ተኚ፣ ሙቀቱ ካለፈ ደወል ይቀሰቅስሻል" ብሎ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈላት ወንድሟ ነው።

"እሷ እኮ ከተኛች ጆሮዋ ሥር መድፍ ቢተኩሱ አትሰማም" አለ ባሏ በሩን ተደግፎ። "ደወሉ ምን ያድርግ?"

"እውነቱን ነው" አለች ቀና ሳትል። "ያን ቀን ስትሞክረው ጎረቤቱ ሁሉ ደንግጦ አልወጣም? እኔ ነኝ እንደ ሬሳ የተጋደምኩት።"

"ጋሼ፣ ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ልየው" አለ ወንድሟና ላፕቶፑን ከፈተ።

የሌሊቱ ሙቀት ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ተጽፏል፤ ሲወጣ፣ ሲወጣ። ታዲያ ደወሉ?

ፕሮግራሙ ሁለት ፈንክሽን፣ ለየራሱ ሥራ የተጻፈ ሁለት ክፍል፣ አለው። አንዱ ለኪ ነው፤ የመደርደሪያውን ቁጥር ሲሰጡት የዚያን መደርደሪያ ሙቀት ለክቶ ያመጣል። ሌላው ያንን ሙቀት ይቀበልና ከልክ ካለፈ ደወሉን ያስጮሃል። የሞከራቸው ለየብቻ ነበር። ለደወሉ በገዛ እጁ ትልቅ ቁጥር ሰጠው፤ ሰፈሩን አናወጠው። ለኪውን የላይኛውን መደርደሪያ ጠየቀው፤ ትክክለኛው ዲግሪ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሁለቱን አገናኝቶ ግን አልሞከረም።

ለኪውን መስመር በመስመር አነበበው። መጨረሻው ላይ ውጤቱን ስክሪን ላይ አሳይ የሚል ትእዛዝ አለ። ውጤቱን ለጠየቀው ክፍል አቀብል የሚል ግን የለም። ለኪው ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ማንም በማያየው ስክሪን ላይ ሲጽፍ አድሮ፣ ለደወሉ ያቀበለው ባዶ ነው። ባዶ ከልክ አያልፍም። ደወሉ ጭራሽ አልጮኸም።



"እህስ ኢንጂነር፣ ምን አገኘህ?" አለ ባሏ።

"እያየሁ ነው።"

"ልጁን አታድክመው" አለች እህቱ። "እሱ ምን አጠፋ? ሴቶቹ ሲመጡ ተኝቼ ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?"

"ሁለተኛ አንድ እንቁላል የሚሰጥሽ አገኛለሁ ብለሽ ነው?"

ባሏ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

ወንድሟ የጎደለችውን መስመር ጻፈ። ለመጻፍ የትንፋሽ ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደችበትም።

"እታለም…"

"ወይ?"

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ጣቶቿ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተጣብቋል።

"ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ" አለችው። "አይዞህ አንተ ደግሞ፣ አንተን የሚናገር የለም። ለኔ ብለህ ነው የደከምከው።"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ ፍራሿን ወለል ለወለል እየጎተተች ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ሳጥኑ ሥር ነው የምተኛው" አለች እያለከለከች። "ጆሮዬ ላይ ካልጮኸ የማልሰማ ሰው ነኝ ለካ። ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ላፕቶፑን ከደነው። ጎንበስ ብሎ የፍራሹን ጫፍ አነሳ።