ውሃ ልክ

ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ሙሉእመቤት ክዳኑን በብረት ዘንግ ፈልቅቃ ስታነሳው የጠበቃት ያው ድፍርስ ውሃ ነው፤ ላዩ ላይ የጠርሙስ ክዳንና የተቦጨቀ የጫማ ሶል ተንሳፍፏል። ከሚያዝያ ወዲህ አራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ገና ሰኔ እንኳ አልገባም።

ፓምፑን አስነስታ ዳር ቆመች። ከታች የተቀበረው የፋይበር መጋጠሚያ ሳጥን ውሃ በገባው ቁጥር ከዶሮ ማነቂያ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ከጠዋት ጀምሮ የጤና ጣቢያው ነርስ ሦስት ጊዜ ደውላለች። በሦስተኛው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የልብ ሐኪሙ ምስሉን በኢንተርኔት ካላየልን በሽተኛውን ማንቀሳቀስ ፈርተናል» ነበር ያለቻት።

ሙሉእመቤት ሳጥኑ ከመሬት በላይ ይውጣ ብላ ለመሥሪያ ቤቷ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጥናት ይያያዝበት ተብሎ ተመለሰ። ዘጠኝ ገጽ አያይዛ ሁለተኛውን ላከች፤ በጀት የለም ተባለ። ሦስተኛው ማኅተም ጎድሎታል ተብሎ መጣ።

አለቃዋ ሚናስ ጋ ደወለች።

«ሳጥኑን አውጥቼ ግድግዳ ላይ ልስቀለው።»

«ሙሉ፣ ይኼን ጨርሰናል። ሰፈሩ ፈራሽ ነው። አድርቀሽ ዝጊው።»

«ይፈርሳል ከተባለ ሦስት ዓመቱ። ዝናቡን እስኪፈርስ ጠብቅ ልበለው?»

«ያለ ፈቃድ ከነካሽው በስምሽ ነው የሚመዘገበው።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው። እሺ ያለችው የቱን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

ከፊት ለፊቱ ቤት እማማ ዘነቡ በሳፋ ውሃ ይዘው ወጡና ቱቦው ውስጥ ደፉት። ዛሬ ስንተኛ ሳፋቸው እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል።

«ደግሞ መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማማ። ውሃው እስከየት ደረሰ?»

እማማ ዘነቡ የቤታቸውን የድንጋይ ግድግዳ አሳዩዋት። በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አሉበት። «ይኼ ልጄ የተዳረች ዓመት ነው። ይኼ የአምናው። የዛሬው ይኸውልሽ» አሉ፤ ጣታቸውን ያሳረፉት ከአምናው ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ገና ባልደረቀ ጭቃ ላይ ነው። በዘጠኙ ገጽ ጥናቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ልኬት አልነበረም።

«ግድግዳዎን ልብሳው?»

«ብሺው።»

ውሃው ሲጎድል ሳጥኑንና ትርፉን የፋይበር ገመድ ከጉድጓዱ ስባ አወጣች። መሰላል ላይ ወጥታ መብሻዋን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፍ እማማ ዘነቡ ከታች «ከፍታውን ጨምሪ» አሏት።

«ይበቃል፣ እማማ።»

«አምናም ይበቃል ብዬ ነበር።»

ጨመረች። ሳጥኑን አሰረችው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን መስመሮች አንድ በአንድ አጋጠመች። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነርሷ ደወለች። «ምስሉ ደረሰ። ሐኪሙ እያየው ነው» አለችና ስልኩን ቶሎ ዘጋችው።

ሙሉእመቤት ከመሰላሉ ስትወርድ እማማ ዘነቡ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሳጥኑን ያዩት ነበር።

«ሳጥንሽስ ዳነ» አሉ። ምሬት አልነበረባቸውም፤ ባለሙያ እንደሚያማክር ሰው ነበር የጠየቋት። «አልጋዬንስ የት ልስቀለው?»

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። አልጋው በአራት ብሎኬት ላይ ቆሟል፤ ብሎኬቶቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። ከምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል፤ ሚናስ ነው። አላነሳችውም። የመለኪያ ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣችና የበሩን ጉበን ጎንበስ ብላ አልፋ ገባች።