ከሰይሁት እስከ ሚርባጥ

ጥሩሐረግ ባሕር አይታ አታውቅም። በዋግ፣ የጋዝጊብላ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ እሷ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ ወሬውንም ጠልታዋለች። የበኩር ልጇ ምሳው ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ በጀልባ ተሳፈረ፤ ጀልባዋ ሰይሁት ከሚባል የየመን ጠረፍ ሳትደርስ ተገለበጠች። የተረፉት ልጆች ደውለው ነገሯት። ሬሳ ግን አልተገኘም። ሬሳው ስላልተገኘ «ሞቷል» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፍትሐት አላስፈታች፣ ጥቁር አልለበሰች። ከብት ሲገባ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከበሩ ወዲያ «እናቴ፣ ክፈችልኝ» ሲላት ትሰማለች። ትከፍታለች። ማንም የለም። ይህንን ለነፍስ አባቷ እንኳ አልነገረችም።

የቀረቻት ልጅ ምስራቅ ናት። እሷም ኦማን፣ ሳላላ በምትባል ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች።

ግንቦት ላይ ጥሩሐረግ ሰቆጣ ገበያ ሄዳ ጨው ልትገዛ ሐጂ ኢብራሂም ሱቅ ገባች። ሐጂ በጉብዝናቸው ጊዜ የመን፣ ሙካላ ወደብ አሥር ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ የዓረብኛ ሬዲዮ ከአጠገባቸው አይጠፋም። ያን ቀን ጨዉን መመዘን ትተው ጆሯቸውን ሰጥተውት አገኘቻቸው።

«ምን ይላል፣ ሐጂ?»

«ዐውሎ ነፋስ ባሕሩ ላይ ተነሥቷል። ከሰይሁት እስከ ሚርባጥ ያለ የጠረፍ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ እያሉ ነው።»

ሰይሁት ሲሉ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ሳላላን ጠርተዋታል?»

«የለም፣ አልጠሯትም።»

«ተመስገን» አለችና ጨዉን አስመዝና ቋጥራ ወጣች። ደጁን ሳትሻገር ሐጂ ጠሯት።

«ጥሩሐረግ፣ ተመለሺ። ልጅሽ ሳላላ አይደለችም እንዴ? ሽማግሌዎቻችሁ ከወንዙ እስከ ሾላው ድረስ ከብት እንዳይገባ ብለው ሲከልሉ፣ የተከለለው ወንዙና ሾላው ብቻ ነው?»

«መሐሉ ነው እንጂ!»

«ይሄም እንደዚያው ነው። የሚጠሩት ጫፍና ጫፉን ነው።»

ከስኳር ካርቶን ቀደው በእስክሪብቶ ረጅም መስመር አሰመሩ። በግራ ሰይሁት፣ በቀኝ የኦማኗ ሚርባጥ። ከዚያ ጣታቸውን ከሚርባጥ ትንሽ መለስ አድርገው አቆሙት። ሳላላ ከክልሉ ውስጥ ነበረች። ጥሩሐረግ ካርቶኑን አየችው። በአንደኛው ጫፍ የሄደው ልጇ፣ በሌላኛው የቀረችው።

«መጣ ማለት ነው?»

«ገና ነው። ‹ንቁ› ሲሉ በሁለት ቀን ውስጥ ሊደርስ ይችላል፣ ሊቀርም ይችላል ማለት ነው። ‹ሽሹ› ያሉ እንደሆነ ነው ጊዜ የሚያልቀው። ደግሞ ነፋሱን ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ሰው የሚጨርሰው ውኃው ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥልና ዓመት ሙሉ ደርቆ በከረመው ወንዝ ይመጣል። ከባሕር ርቄያለሁ ያለውን ከጀርባው ይወስደዋል።»

ደራሽ ውኃን ለዋግ ሰው ማንም አያስተምረውም። ጥሩሐረግ ስልኳን አውጥታ፣ ሐጂም እንዲሰሙ ድምፁን ለቃ ደወለች። በሦስተኛው ሙከራ ምስራቅ አነሣች።

«የት ነው የምትተኚው፣ ልጄ?»

«ምድር ቤት ነዋ። በጓሮው በኩል።»

«ከጓሮው ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም። ደረቅ ወንዝ ነው፣ አሸዋ።»

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስራቅ እንዳለችው፣ አሠሪዎቿ ከቀትር በፊት ዘመድ ቤት ሄደዋል፤ ቤቱን ጠብቂ ብለዋታል። ፎቁን ቆልፈውታል፤ ወደ ሰገነቱ የሚወጣው የውጭ ደረጃ ግን ክፍት ነው።

«በይ አሁኑኑ ውኃና ብርድ ልብስ ይዘሽ ሰገነቱ ላይ ውጪ።»

ምስራቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልወጣም፣ እናቴ» አለች። «ምሳው መጥቷል። ከትናንት ጀምሮ በጓሮው በር ይጠራኛል። በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው የሚጠራኝ፤ እዚህ ኽምጥኛ የሚያውቅ ሰው የለም። በርዶኛል፣ ክፈችልኝ ይላል። ልከፍትለት ነበር፣ ፈራሁ። ትቼው ብወጣ ደግሞ…»

ጥሩሐረግ የምታውቀው ድምፅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሯን የከፈተችለት ድምፅ ነው። ምስራቅን «ክፈችለት» ልትላት ነበር፤ እንደ እናት ተመኘችው። ዓይኗን ከካርቶኑ ላይ አላነሣችም።

«አትክፈቺ» አለች።

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ወንድምሽ ሞቷል።» ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። «ሰማሽኝ፣ ምስራቅ? ምሳው ሞቷል። ባሕር በልቶታል። የእኔ ልጅ በሕይወት ቢኖር እኅቱን ወደ ውኃ አይጠራም። በእማምላክ ይዤሻለሁ፣ ሰገነቱ ላይ ውጪ!»

ምስራቅ ስታለቅስ ተሰማች፤ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ የነፋስ ድምፅ። መስመሩ ተቋረጠ።

ጥሩሐረግ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ሐሊሜ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ምንጣፍ አነጠፈችላት። በማግስቱ ረፋድ ሬዲዮው «ሽሹ» አለ። ከሰዓት በኋላ ሳላላን በስም ጠራት። ስልኩ ግን ዝም እንዳለ ነው።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በማታውቀው ቁጥር ተደወለ። ምስራቅ ናት። ደራሹ በጓሮው መጥቶ በሩን ከነአጥሩ ነቅሎታል፤ የምትተኛበት ክፍል እስከ ጣሪያው ጭቃ ሞልቶታል። እሷ ግን ሰገነት ላይ፣ ከውኃ ጋኑ ሥር ተጠግታ አድራለች።

«ጠርቶሽ ነበር?» አለቻት እናቷ።

«ውኃው እስኪመጣ ድረስ። ስሜን ጠርቶ ጠርቶ… መጨረሻ ላይ ያንቺን ስም ጠራ።»

በሳምንቱ ጥሩሐረግ ጥቁር ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቋት። «ኃይለ ሥላሴ» አለች፤ አልሰሟትም መሰል፣ ደግማ ጮክ ብላ ተናገረች። ፍትሐቱ ሲፈታ ቆማ አዳመጠች፤ አላለቀሰችም። ሰው እግዜር ያጥናሽ ብሎ ሲበተን ግን ከደጀ ሰላሙ አልነቃነቅ አለች። ወደ ቤቷ መግባት ፈርታ ነበር። የምትፈራው ድምፁን እንዳትሰማ ይሁን ወይስ እንዳታጣው፣ ለራሷም አልታወቃትም።