ደጀኔ የጻፈልን ምስክርነት

በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል «ቢሮክራት» ብለው ከስምንት ጥማድ መሬቴ አራቱን የቆረጡብኝ ሰዎች፣ ዛሬም ቡሬ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ «ወንዳወቅ፣ እንደምን ከረምክ?» ይሉኛል። እኔም «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። ሆዴ ግን አይረሳም። ቢሮክራት ያሰኘኝ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ መሆኔ ነው። ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። እንግዲህ ጽሕፈቴ ስላማረ መሬቴ ተቆረጠ።

በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ስሜን የጠራው የድንበር ጎረቤቴ ደጀኔ ነበር። ከአራቱ ጥማድ ሁለቱ ለእሱ ደረሰው። ኋላም የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሆነ። አሁን የምጽፈው ስለ መሬቱ አይደለም፤ ስለ ያምሮት ነው። ግን የያምሮትም ነገር ከዚያው ሰውና እኔ ከያዝኩት መዝገብ ስለሚነሣ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልቻልኩም።

ያምሮት የእህቴ የንግሥቴ ልጅ ናት። ንግሥቴ ቡሬ ቤት ተከራይታ ስትማር ማህዲ ከሚባል የመናዊ ባለሱቅ ጋር ተዋደደች። ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ጦርነቱ ወደዚህ ይመጣል ሲባል ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሄደ። እመለሳለሁ ብሎ ነበር፣ አልተመለሰም። እሷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና አባታችን ቤት ገባች።

አባቴ አቶ ክንዱ ልጂቱ ስትወለድ ታቅፎ «የኔ ናት፤ በስሜ ትጠራ» አለ። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ቢጠራ በእኛ አገር ነውር የለውም። እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። ሰው ምን ይለናል ብዬ፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ «አባት ክንዱ፣ እናት ተናኜ» ብዬ አባትና እናቴን ወላጆቿ አደረግኋቸው። የእህቴን ስም ከነጭራሹ አስቀረሁት። ንግሥቴ ከኔ የተሻለ ማንበብ ትችላለች፤ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አየችና «እኔስ የት አለሁ?» አለችኝ። መዝገቡን ዘጋሁት። ከአራት ዓመት በኋላ ወባ ገደላት።

ልጂቱ አያቷን አባባ፣ እኔን እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» እያለች አደገች። እውነቱን ታውቅ ነበር፤ አገሩም ያውቅ ነበር። የሚናገረው ግን አልነበረም።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ያምሮት ከመምህራን ኮሌጅ ተመረቀችና ፈረስ ቤት ከተማ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ደረሳት። ከቤታችን ደመወዝተኛ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የቀራት የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር። ደጀኔ አልሰጥም አለ። ያ ብቻ መች ሆነና፤ ለወረዳው ደብዳቤ ጽፎ፣ ግልባጩን ለእኛ ላከ። የውጭ አገር ሰው ልጅ ስለሆነች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ልትቀጠር አይገባም ይላል። ለዚያ ቦታ በተጠባባቂነት የተያዘችው የእሱ ልጅ መሆኗን የሰማሁት በኋላ ነው። ያምሮት በሁለት ሳምንት ውስጥ መታወቂያ ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ያልፋል።

ተያይዘን ቀበሌ ሄድን። ቤቱ ባለጉዳይ ሞልቶታል። ደጀኔ ሲያየኝ አሮጌውን መዝገብ ከሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አያ ወንዳወቅ፣ ጽሕፈትህ መቼም ያምራል! እስቲ አንብብልን። እዚህ ላይ ምን ይላል?»

አነበብኩ። «ተናኜ፣ የክንዱ ባለቤት፣ ሚያዝያ 1980 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።»

«ነፍሷን ይማር። ገልብጠው። ይኸኛውስ?»

«ያምሮት። አባት ክንዱ፣ እናት ተናኜ። ግንቦት 1982።»

«ታዲያ እማማ ተናኜ ከመቃብር ተነሥተው ነው አራስ ቤት የገቡት? ገንፎውንስ ማን አገነፋላቸው?»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የእናቴን ሞት በእጄ ጽፌ፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ እናቴን አዋለድኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን አላየሁትም። ደጀኔ የሁለቱንም ገጽ ቅጂ በማኅተም አጅቦ ሰጠኝ። «ወስደህ የፈለግህበት አሳይ» አለኝ። እንድዋረድበት ነው የሰጠኝ።

መንገድ ላይ ለያምሮት እንዲህ አልኳት፦ «ሁለት ሽማግሌ እፈልጋለሁ። የእናታችን ሞት በስሕተት ነው የተጻፈው፣ የሞተችው በሰማንያ አራት ነው ብለው ይምሉልናል።»

ቆመች። «አያ፣ እንደገና ሊዋሹልኝ ነው?»

«ሥራሽ ሊሄድ ነው እኮ!»

«ይሂድ። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ አልቀብራትም።»

ይህን ስትል አገጯን ቀና ያደረገችበት አኳኋን የንግሥቴ ነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ፍኖተ ሰላም ገባን። ሰው የጠቆመን አንዲት የሕግ ባለሙያ ዘንድ ነው፤ ወይዘሮ ራዲያ ይባላሉ። ወጣት ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ። ወረቀቶቹን ዘረጋሁላቸው። መዝገብ አዛብተሃል ተብዬ እታሰራለሁ ብዬ እየፈራሁ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው» አልኳቸው።

«የሃያ ዓመት ነገር ነው፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ወደ ያምሮት ዞሩ። «አባትሽ የውጭ ዜጋ ነው የሚለውን ትክጃለሽ?»

«አልክድም። ማህዲ ይባላል፣ የመናዊ ነው።»

«እናትሽስ?»

«ንግሥቴ ክንዱ።»

«እሷ ኢትዮጵያዊት ነበረች?»

«የዚህ አገር አፈር ናት!» አልኩ እኔ ሳልጠየቅ።

ወይዘሮ ራዲያ አንድ መጽሐፍ ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉበት። «እንግዲህ ስሙኝ። ከሁለቱ ወላጆች አንደኛው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እናት ብቻዋንም ብትሆን?»

«እናት ብቻዋንም፣ አባት ብቻውንም። ልዩነት የለውም። ይህች ልጅ ዜግነት ይሰጠኝ ብላ የምትለምነው ሰው የለም፤ ከተወለደች ጀምሮ የያዘችው ነው። የሚቀራችሁ የንግሥቴ ልጅ መሆኗን ማስረዳት ነው። የተጻፈ ነገር አላችሁ?»

በዓለም ላይ የእህቴ ስም ከልጇ ስም ጎን ሊጻፍ የሚችልበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱንም እኔ ዘልዬዋለሁ። ደጀኔ መሬቴን ሲወስድ እንኳ እንደዚያ ቀን አላነስኩም። አንገቴን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሳይ፣ ዓይኔ የደጀኔ ደብዳቤ ላይ አረፈ። ሁለተኛው መስመር ላይ። ቀስ ብዬ ወደሳቸው ገፋሁት።

«እስቲ ይኸን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

አነበቡት። «ግለሰቧ የአቶ ክንዱ ልጅ ተብላ የተመዘገበችው በሐሰት ሲሆን፣ ንግሥቴ ክንዱ ከአንድ የየመን ዜጋ የወለደቻት መሆኗን ቀበሌው አጣርቶ አረጋግጧል...» ቆም አሉ። ማኅተሙን አዩ፣ ፊርማውን አዩ። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ። «እኚህ ሰውዬ የእናንተ ጠበቃ ናቸው እንዴ?»

«ጠላቴ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ትልቅ ውለታ ውለውልዎታል። የዚህችን ንግሥቴን አባትና እናት የሚያሳይ ነገርስ?»

እሱማ ነበረ! የእናቴ ሞት በተጻፈበት በዚያው ገጽ፣ ከላይ፣ በራሴ ጽሕፈት፦ «አባወራ ክንዱ፣ ሚስት ተናኜ፣ ልጆች ወንዳወቅና ንግሥቴ።» ደጀኔ ሊያዋርደኝ ባተመው ቅጂ ላይ ማለት ነው።

ወይዘሮ ራዲያ ማመልከቻውን ራሳቸው አዘጋጁልን። ቡሬ ፍርድ ቤት የክርስትና እናቷና ሁለት ሽማግሌዎች ቀርበው መሰከሩ፤ የደጀኔም ደብዳቤ ከነማኅተሙ በማስረጃነት ተያያዘ። ፍርድ ቤቱ ያምሮት የንግሥቴ ክንዱ ልጅ ናት፣ መዝገቡም ይታረም ብሎ ወሰነ። ለያምሮት የተሰጣት ሁለት ሳምንት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ቀበሌ ስንመለስ ቤቱ እንደዚያው ሰው ሞልቶታል፤ አንዳንዶቹ ያን ዕለት የሣቁብኝ ናቸው። ደጀኔ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ሳይል የመታወቂያውን ቅጽ ሳበ።

«የእናት ስም?»

«ንግሥቴ ክንዱ» አለች ያምሮት። በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው ያለችው።

ጻፈ። አተመ። ሰጣት። እኔም የዓመታት ነገሬን ያዝ ማድረግ አቃተኝ።

«ደጀኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መሬቴን ስትወስድ የሚመሰክርልኝ ሰው አጥቼ ነበር። ዛሬ አንተው መሰከርክልኝ።»

አሁን ሣቁ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ ጠቆረና መዝገቡን ከነብዕሩ ወደኔ ወረወረው። «ይታረም ብሏል አይደል? ራስህ ያበላሸኸውን ራስህ አስተካክል!»

ሊሰድበኝ ነው ያለው። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የማኅበሩን መዝገብ ገለጥኩ። የውሳኔውን ቁጥር ጻፍኩ። ከሥሩ፣ ሳልቸኩል፣ እጄ ከሚችለው ሁሉ አሳምሬ «እናት ንግሥቴ ክንዱ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም «አባት ማህዲ፣ የመናዊ» አልኩ፤ የሚደበቅ የለምና።

ያምሮት በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ ታነብባለች። እናቷ የቆመችበት በኩል ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች።

«እውነትም ጽሕፈትዎ ያምራል፣ አጎቴ» አለች።

አራቱ ጥማድ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በሁለቱ ደጀኔ እህል ይዘራል። እኔ ግን በማግስቱ የእህቴን ልጅ ሻንጣ በራሴ ተሸክሜ፣ በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ «መምህርት ናት፤ የንግሥቴ ልጅ» እያልኩ ፈረስ ቤት አደረስኳት።