ስም ያልወጣላቸው ሴቶች

ፍጥነት የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድመው ከሚወዱ ሰዎች ጋር መሰብሰብ አልወድም። ሐሙስ ጠዋት ሰንጋ ተራ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ቤካና ኤልያቄም። ሙዳይ የሚባለውን ዳታቤዝ የምንሠራው እኛ ነን። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ይጠቀምበታል። ቤካ መሥራቹ ስለሆነ ይመራናል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ የተቀመጠ ሰነድ ሲጠየቅ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ።

የዕለቱ ጉዳይ የኤልያቄም ዕቅድ ነበር። የጄሰን ሰነድ እንደ ፎርም ነው፤ አንዱ ሁሉንም ሳጥን ይሞላል፣ ሌላው አንዱን ትቶ ያልፋል፤ የታለፈው ሳጥን ሰነዱ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። እስካሁን ሙዳይ ስምና ስልክ አምጣ ሲባል ስም የሌለበት ሰነድ ካጋጠመው፣ የስሙን ቦታ ባዶ ትቶ ሰነዱን ያመጣዋል። ኤልያቄም ግን ከተጠየቀው አንዱ የጎደለው ሰነድ ምንም ሳይባል ይዘለል ይላል። እንዲህ ከሆነ ፍለጋው ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ እሱም በሚመጣው ወር ናይሮቢ ሄዶ ለጉባኤ ያሳያል።

"ነጅሚ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትነክሺ ነው?" አለኝ ኤልያቄም ፊቴን አይቶ።

"አንተን። ቁጭ በል።"

ረቡዕ ዕለት አዲሱን ኮድ አብነት ሰፈር ያለች አንዲት የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ መዝገብ ላይ ሞክሬው ነበር። ክሊኒኳ ክትባት የምትሰጠው ሰኞ ሰኞ ነው፤ በዚያ ሰኞ አርባ አምስት ቀን የሚሞላቸውን ሕፃናት በሙዳይ አውጥታ እናቶቻቸውን በስልክ ትጠራለች። በድሮው ኮድ ሠላሳ አራት ሕፃናት ወጡ፤ በአዲሱ ሃያ አንድ። የጠፉት አሥራ ሦስቱ አንድም ሳይቀር ሴቶች ነበሩ። የእኔ ስህተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ በእግሬ ወርጄ ዋናዋን ነርስ፣ ሲስተር ወይንሀረግን፣ ጠየቅኋቸው።

"ስም የላቸውማ፣ ልጄ" አሉኝ። "ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ፣ ስም ወጥቶለት ነው ለክትባት የሚደርሰው። ሴቷ ሰማንያ ቀን ትጠብቃለች። እስከዚያ በእናቷ ስም እንጠራታለን። የእናንተዎቹ በሰባት ቀን ይገላገላሉ።"

እውነታቸውን ነው። እኛ ሙስሊሞቹ ቤት ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ነገሩ ያልታየኝም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

"አንድ ክሊኒክ ነው" አለ ቤካ።

"የምናውቀው አንድ ነው።"

"መመሪያው ላይ እንጽፈዋለን። የድሮውን የፈለገ ጥያቄው ላይ አንድ ቃል ይጨምር።"

"ሲስተር ወይንሀረግ መመሪያችንን መቼ ያነባሉ? ዛሬ ካለፈ ነገ አዲሱ ስሪት ይወጣል፤ ማሽናቸውም ራሱን ያድሳል። ከዚያ በየሳምንቱ ሴቶቹ ይቀራሉ፤ የቀረ ሰው እንዳለ የሚናገር የለም።"

ኤልያቄም ላፕቶፑ ላይ ለናይሮቢ ያዘጋጀውን የፍጥነት ሰንጠረዥ እየነካካ ነበር።

"ኤልያቄም፣ ልጅህ ስንት ቀኗ ነው?" አልኩት።

"አርባ አንድ።"

"ስሟ ማን ነው?"

"ገና ነው። ቤት ውስጥ ሚጣ እንላታለን።"

"የተወለደችውስ የት ነው?"

ዓይኑን ከላፕቶፑ አነሣ። እዚያችው ክሊኒክ እንደተወለደች ቤካም ያውቃል፤ አራስ ጥየቃ አብረን ሄደን ገንፎ በልተናል።

"ከአሥራ ሦስቱ አንዷ ናት" አልኩት።

ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን አወጣ፤ የሆነ ነገር ጻፈና ኪሱ መለሰው። "የእኔዋን ራሴ እወስዳታለሁ" አለ። "ቀኑን አውቀዋለሁ።"

ተጸየፍኩት። ሰው ባያውቅ ይነገረዋል፤ ሰነፍ ቢሆን ይገፋል። ይህ ግን ገባው። ጉድጓድ እንደቆፈረ ገባው፤ የራሱን ልጅ ብቻ ከጉድጓዱ አነሣና አሥራ ሁለቱን እዚያው ትቶ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ሰው ጎበዝ ባለሙያ ብለን ወጣቶች ፊት እናቆመዋለን።

"ቤካ፣ ሰምተኸዋል?"

"ሰምቻለሁ፣ ነጅማ። ለናይሮቢ ቃል ገብተናል። አሁን ይለፍ፤ በሚቀጥለው ስሪት እናስተካክለዋለን።"

ሁለት ለአንድ ሆነና አለፈ። ከእነሱ ጋር ምሳ መብላት አልቻልኩም፤ በቀጥታ ወደ አብነት ወረድኩ።

"የስሙ ቦታ ላይ 'ሕፃን' ብለው ቢሞሉስ?" አልኳቸው ሲስተር ወይንሀረግን። "አንድ ነገር ከተጻፈበት አይዘላቸውም።"

"ለእነዚህ ብሞላ ለሚቀጥሉት ማን ይሞላል? አምስት ነርስ ነን በየተራ የምንገባው። ደግሞስ ስም ሳይወጣላት ስም ብዬ አልጽፍም። ለማሽን ብዬ?"

ማሽኑን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ወንበራቸውን ለቀቁልኝና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሙዳይ ራሱን እንዳያድስ አድርጌ ዘጋሁት።

"ከእንግዲህ ከእኛ ዘንድ የሚላክ ነገር እዚህ አይገባም" አልኳቸው። "የሚያስፈልገውን እኔ እየመጣሁ በእጄ እጭናለሁ።"

"ሌላ ቦታ ያሉትስ?"

"የት የት እንዳሉ አናውቅም። ማንም ወስዶ ይጠቀማል፤ አይነግረንም።"

"ታዲያ እነሱን ትተሻቸው ልትሄጂ ነው?"

አልሄድኩም። እዚያው ሆኜ ሙዳይን ለመውሰድ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየውን ገጽ ከፈትኩና አናቱ ላይ ጻፍኩ፦ ነገ የሚወጣውን ስሪት አትጫኑ፤ መረጃ የጎደለውን ሰው ሳይነግራችሁ ከዝርዝር ያወጣል። ከሥሩ የአሥራ ሦስቱን ሴቶች ነገር፣ የማንንም ማንነት ሳልገልጽ፣ አስከትዬ ስሜን ከነአባቴ አኖርኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤካ ደወለ።

"ነጅማ፣ የጻፍሽውን አጥፊው። ሰው እያየው ነው።"

"ዕቅዱን አጥፉት፣ አጠፋዋለሁ" ብዬ ዘጋሁበት።