ከፍ ያለው ማሳ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ጤፉ በተዘራ ማግስት፣ የአንማው ማሳ ከመሬት ተነስቶ ጉልበት ያህል ከፍ አለ። አንማው ያየው ጠዋት በሬዎቹን ሊያሰማራ ሲወጣ ነው። ማሳው ከነድንበሩ፣ ከነቦዩ፣ ሳይፈርስና ሳያዘነብል አየር ላይ ተቀምጧል። በነበረበት ቦታ እርጥብ ጥቁር ጉድጓድ ቀርቷል። ከማሳው ሆድ ትል ይንጠባጠብ ስለነበር የጎረቤት ዶሮዎች ቀድመው ደርሰዋል።

አንማው ጎንበስ ብሎ በማሳው ሥር አሻግሮ ተመለከተ። ወዲያ ማዶ የሚስቱ የይታይሽ እግሮች ቆመዋል።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት» አለች። «ድጋፉ ይሆናል።»

ድጋፉ የመጣው በሰኔ ነበር። መንግሥት አነስተኛ ማሳ ያላቸውን ገበሬዎች ከፍ ያደርጋል ተብሎ በየስብሰባው ሲነገር ከርሞ፣ ምርጥ ዘርና አመድ የመሰለ የአፈር ማዳበሪያ በጆንያ ደረሰ። ያልተመዘገበ ሰው አልነበረም፤ የደረሰው ግን ለአንማው ብቻ ነው። ያኔ ያኮረፉት ጎረቤቶች አሁን እየመጡ ማሳውን አዩ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት፣ ወደየሥራቸው ተመለሱ።

በቀበሌው የምትሠራው የግብርና ባለሙያ ፋሲካ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ እየረገጠች መጣች። የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ እጇን በማሳው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«ጋሽ አንማው፣ ይሄ በሥልጠናችን ውስጥ የለም» አለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«ዘሩ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«እንግዲያው መታረሙ አይቀርም። እኔ ለወረዳ አሳውቃለሁ።»

ጤፉ በቀለ። ማሳውም ወጣ። ነሐሴ ሲገባ ደረት ላይ ደርሶ ነበር። አንማው ጠፍር አምጥቶ አንዱን ጠርዝ ከግራሩ ግንድ ጋር አሰረው። በማግስቱ የግራሩ ሥር ከመሬት ተነቅሎ ሲንጠራራ ስላገኘው ጠፍሩን በማጭድ ቆረጠው። ግራሩ የአባቱ ጥላ ነበርና አሳዘነው።

ለአረም የምትወጣው ይታይሽ ነበረች፤ እሱ ከባድ ስለሆነ ዳሩ ይናድበታል። ጠዋት በትከሻው ያወጣታል፣ ማታ በክንዱ ተቀብሎ ያወርዳታል። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ተቃቅፈው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ስለዚህ አልተነጋገሩም።

ማሳው ከቁመቱ ሊያልፍ ሲል አንማው ወደ ወረዳ ሄደ። የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ክንዱ በትህትና አስቀመጠውና ሳያቋርጠው ሰማው።

«ማሳህ ጎርፍ ቢወስደው ድጋፍ አለው» አለ። «ቢናድም አለው። በረዶ ቢመታውም አለው። ከፍ ላለ ማሳ ግን ዘንድሮ በጀት አልተያዘም።»

«ጌታዬ፣ የቀደመው ድጋፍ ይመለስና ማሳዬ ይውረድልኝ።»

«የተሰጠ ድጋፍ አይመለስም። ሌላው ገበሬ ምን ይላል?»

አንማው ሲመለስ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ማሳውን አየው። የባሕር ዛፉን ጫፍ አልፎ ቆሟል። እየሮጠ ደረሰ። ይታይሽ በጠርዙ ላይ በደረቷ ተኝታ ቁልቁል ታየዋለች።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«በጀት የለም አሉ። አንቺስ ለምን አልወረድሽም?»

«አንድ ፈር ቀርቶኝ ነበር። እሱን ልጨርስ ስል ተነሣ።»

«ዝለይ፤ እቀበልሻለሁ።»

ይታይሽ ለረጅም ጊዜ ወደ ታች ተመለከተች። «አልደፍርም» አለች። የአንማው ክንዶች ተዘርግተው ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ።

ዳቦ በጨርቅ እየቋጠረ በወንጭፍ ይልክላት ጀመር። ውሃውን ዝናቡ ይሰጣታል። መስከረም ሲጠባ አቶ ክንዱ በጭነት መኪና አዲስ መሰላል አስጭኖ መጣ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። የተሠራው ፋሲካ ስለ ማሳው ለመጨረሻ ጊዜ ባሳወቀችበት ወቅት በነበረው ከፍታ ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ነው። የሚያስደግፉት ነገር ስላልነበረ ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው አቆሙት፤ አቶ ክንዱም መንግሥት ከገበሬው ጎን መቆሙን ተናገረ። ፎቶ ተነሡ።

አንማው ወጣ። የመጨረሻው መርገጫ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ይታይሽም ከላይ እጇን ሰደደች። በጣቶቻቸው መካከል አንዲት ዋኔ ክንፏን ዘርግታ በረረች።

«ለከርሞ የሚረዝም እናስይዛለን» አለው አቶ ክንዱ፣ አንማው ሲወርድ።

«ማሳው እኮ አይቆምም፣ ጌታዬ። በየቀኑ ይወጣል።»

«እኛም በየዓመቱ እናሻሽላለን።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ፋሲካ ቀርታ መሰላሉን ከጎረምሶቹ ጋር ያዘችለት። ደግሞ ወጣ። ለውጥ አልነበረውም። ሲወርድ ፊቷን ወደ ጉድጓዱ አዙራ ነበርና እሱም አላያትም።

ጥቅምት ላይ ወንጭፉ አልደርስ አለ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ቁራ ከአየር ላይ ወሰደው። የይታይሽ ድምፅ ግን ነፋስ ሲመች ይወርዳል። አንድ ቀን «አሽቷል» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ «እንዲህ ያለ ጤፍ አይተህ አታውቅም» አለች፤ ደስ ያላት ትመስል ነበር። እሱ የሚጮኸው ወደ ላይ ይድረስ አይድረስ አላወቀም። ከዚያ ዝም አለች።

በታኅሣሥ ጎረቤቶቹ ምርታቸውን ሲወቁ አንማው የሚወቃው ስላልነበረው በሰው አውድማ ይረዳ ነበር። ከቀትር በኋላ ከሰማይ እብቅ ይወርድ ጀመር። ነጭና ቀላል ነው፤ በሰውና በከብቱ ላይ ያርፋል። ሰዎቹ ቀና ሳይሉ ከትከሻቸው ላይ አራገፉት።

«ምርቷ ሳይበዛ አይቀርም» አለ አንዱ።

አንማው መንሹን አስቀምጦ አንጋጠጠ። ማሳው የመዳፍ ያህል ጥቁር ሆኖ ከፀሐይ አጠገብ ቆሟል። ከዚያ የይታይሽ ድምፅ፣ ምሳ ደርሷል ብላ ስትጠራው እንደምታሰማው ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወረደ።

«አንማው!»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ።

«አቤት! መጣሁ» አለ ከላይ፣ ከማሳው ላይ፣ የገዛ ራሱ ድምፅ። ቀጥሎም በገለባ ላይ የሚራመድ የወንድ ኮቴ ተሰማ።